ግቢ ሳወጣው አይሸናም፣ ቤት ሲገባ ይሸናል፤ ቡችላዬን ምን ላድርገው?

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ውሻ ያሳደጋችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ከ12 ቀን በፊት ከአንድ ወዳጄ ቡችላ ተሰጠኝ። ቡኒ ብለነዋል። 10 ሳምንቱ ነው፤ ጆሮው የወደቀ፣ ከአንድ ጫማ ብዙም የማይበልጥ። ቤቱ የድሮ ቤት ነው። ወለሉ ሊሾ ነው፣ ሳሎን ላይ የእናቴ ምንጣፍ ተነጥፏል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ግን ከጓሮዋ ኒም ዛፍ ሥር በቀር ሁሉም ሲሚንቶ ነው።

ችግሩ ይኸው። 6 ሰዓት ላይ ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ግቢ አወጣዋለሁ። 20 ደቂቃ አጠገቡ እቆማለሁ። አንዴ ይህን እግሩን፣ አንዴ ያንን ያነሳል። ያለቅሳል፣ በሩን ይቧጭራል። አይሸናም። ተስፋ ቆርጬ አስገባዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ምንጣፉ መሐል ሄዶ ቁጢጥ ይላል። የሚያናድደኝ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ውጭ የሚሸናበት ቀን አለ። ስለዚህ ያውቃል። እልህ እየተጋባኝ ነው።

አንድ ቀን በነጠላ ጫማ መታሁት። ከዚያ ወዲህ ሶፋ ኋላ ተደብቆ መሽናት ጀመረ። እናቴ እስከ እሁድ ካልታረመ ወደ መጣበት እንዲመለስ ቆርጣለች። ምን ላድርግ?

ይህን የጻፍኩት ግንቦት ላይ ነው። 44 መልስ መጣ። አሁንም ብዙ ሰው በግል እየጻፈ ስለሚጠይቀኝ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ ቃል አስቀምጬዋለሁ።

መልስ 1 ከሳቢያን ነው። ሦስት ውሻ ያሳደገች እናት ናት። ለቡኒ መልካም እድገት ተመኝታ፣ በቀን ስንቴ እንደማወጣው ጠየቀች። ሦስቴ ነበር፤ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ። እሷ እንዳለችው ይህ ለትልቅ ውሻ ነው። ቡችላ ሽንቱን መያዝ የሚችለው በወር ዕድሜው ልክ ነው። የ2 ወሩ 2 ሰዓት፣ ቢበዛ 3 ይይዛል፤ ያውም ተኝቶ ከሆነ። ሲሯሯጥ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ በልቶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሲቆይ፣ ተጫውቶ እንዳበቃ ይወጣል፤ በመሐሉም በየሰዓቱ። ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ አንዴ መነሣትም አለ። ቤቱን እንደ አራስ ቤት እንድቆጥረው መከረችኝ። የመኝታ ሳጥንም እንዳበጅለት ነገረችኝ። ቡችላ የሚተኛበትን ማርጠብ አይወድም፤ ሳጥኑ ግን ተነሥቶ የሚዞርበትን ያህል ብቻ መሆን አለበት። ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል።

መልስ 2 ላይ ነገሩ ተበላሸ። አንድ ሰው መድኃኒቱ አፍንጫውን ሽንቱ ላይ አሽቶ፣ በጋዜጣ መትቶ፣ ወደ ውጭ መወርወር ብቻ መሆኑን ጻፈ። የአባቱ ውሾች በሙሉ በዚህ ነው የታረሙት። መልስ 3 ሙሉ በሙሉ ተስማማ። መልስ 4 ደግሞ ተነሣችባቸው። ገና ጥርሱን ያልቀየረ እንስሳ መምታት ጉልበት ማሳየት እንጂ ማስተማር እንዳልሆነ በሰላ ቃል ጻፈች። መልስ 5 ላይ የመጀመሪያው ሰው ተመልሶ መጣ። የዘንድሮ ልጆች ውሻን ከሰው ማስበለጣቸውን አንስቶ፣ ስለሷ አስተዳደግም የማይባል ነገር ጨመረ። እኔ ዝም አልኩ። እኔም መትቼዋለሁ።

ነገሩን ያረጋጋው መልስ 6 ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ ለእሳቸው ግን ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ አንቱ አለ። እንደ ዶክተሩ አገላለጽ ውሻ ቅጣትን የሚያያይዘው በዚያች ቅጽበት ከሚሆነው ነገር ጋር ነው። ከሸና ከደቂቃ በኋላ ከተመታ ሽንትና ምንጣፍን አያገናኝም። የሚማረው ሰው እያየው መሽናት አደገኛ መሆኑን ነው። ስለዚህ ይደበቃል። ሶፋ ኋላ የገባው ለዚህ ነው። ግቢ ውስጥ አጠገቡ ቆሜ የማይሸናውም በከፊል ለዚህ ሊሆን ይችላል። እዚህች ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት።

ያውቃል፣ ጥፋተኛ ፊት ያሳያል ለምንለው ደግሞ አንድ ጥናት ጠቀሱ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ነው። ባለቤቶቹ ውሻቸው የተከለከለውን ምግብ እንደበላ ተነግሯቸው ሲቆጡት፣ ምንም ያልበላው ውሻም አንገቱን ይደፋል። ፊቱ ላይ የሚነበበው የኛ ቁጣ እንጂ የሱ ጥፋት አይደለም። ሲሸና እጅ ከፍንጅ ከያዝነው አንዴ ማጨብጨብ፣ አንስቶ ማውጣት፣ ውጭ ሲጨርስ ማመስገን። ካለፈ በኋላ የደረስን እንደሆነ ዝም ብሎ መወልወል። በቃ።

መልስ 7 ይህንኑ አጠናከረች። ሽልማቱ ጨርሶ ቀና እንዳለ እዚያው በቆመበት መሰጠት አለበት። ቤት ገብቶ ከተሰጠው የተሸለመው ቤት በመግባቱ ይመስለዋል። እሷ በርበሬ ያልነካው ቋንጣ ምስር አሳክላ ትቆርጣለች። ሲሸና ደግሞ ለሕፃን እንደምንለው ቀስ ብላ «ሹሹ» ትለዋለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቃሉን ሲሰማ ራሱ ቦታ መፈለግ ጀምሯል። 8 እና 9 ምስጋና ናቸው።

መልስ 10 ከመጋላ ነው። ሙስሊም እናት ናት፤ ውሻን እንደማትጠላ አስቀድማ ነገረችን። በግቢያቸው አራት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ ይጠቀማል። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም እነሱ በሚከተሉት የእስልምና ሕግ ትምህርት፣ የውሻ ምራቅና እርጥበት ነጃሳ (ርኩስ) ነው። የላሰው ዕቃ 7 ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ጎረቤቷ ሳይናገር ያመጣው ቡችላ የውሃ ጀሪካን እየላሰ፣ የመስገጃ ምንጣፍ የሚሰጣበት ሥር እየሸና ግቢውን ሁሉ አኳረፈ። ለጥበቃ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ ክፉኛ ያስቀየማት አለመጠየቃቸው ነበር። በመጨረሻ ጎረቤቷ የጓሮውን ጥግ በሽቦ አጥሮ ቡችላውን እዚያ አስለመደው፤ ሰላም ወረደ። መልስ 11 ሃይማኖትን ለምን እዚህ እንዳመጣችው ጠይቆ ተቆጣ። 12 እና 13 እሱን ተቆጡት። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። በጋራ ግቢ ቡችላ ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ይጠየቃል። የሚሸናበት ቦታም አብሮ ይወሰናል።

መልስ 14 ሁለት መስመር ብቻ ነበር። በስንት ሰዓት እንደማወጣውና ምን ላይ እንደማቆመው ጠየቀኝ። በ15 መለስኩ፤ 6 ሰዓት፣ በሩ ፊት ያለው ሲሚንቶ ላይ። በ16 አንድ ነገር አዘዘኝ። በዚያው ሰዓት የእጄን ጀርባ ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬ እስከ 5 እንድቆጥር።

በማግስቱ ልክ በሰዓቱ ወጣሁ። እንደ ሁልጊዜው ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። ቁጢጥ ብዬ የእጄን ጀርባ መሬቱ ላይ አሳረፍኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ሳልል አነሳሁት። ምጣድ ነው። ቡኒ እግሩን እያፈራረቀ ሲያነሳ የኖረው ለካ እየተቃጠለ ነበር። ሲያለቅስም፣ በሩን ሲቧጭርም እየነገረኝ ነበር። ጠዋት የሚሸናው ጠዋት መሬቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በግንቦትና ሰኔ ቀኑ 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለ ሲሚንቶ ደግሞ ከአየሩ በብዙ ይብሳል። እዚህ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አላሰብኩትም። ሊሾው ቀዝቃዛ ነው፣ ምንጣፉ ለስላሳ ነው፣ እዚያ ሲደርስ ሰውነቱ ይፈታል። እልህ ያልኩት ይህንን ነው።

በ17 ይህን ስጽፍ የ14ቱ ሰው መፍትሔውን ዘረዘረልኝ። ቡኒን በእቅፍ አድርጌ ሲሚንቶውን አሻግሬ ኒሙ ሥር ወሰድኩት። ከዚያ በፊት ምንጣፉን ያደረቅኩበትን ጨርቅ ሳላጥበው እዚያ አፈር ላይ አንጥፌ ድንጋይ ጫንኩበት። ሽታው ቦታውን እንዲነግረው ነው። እንደ መልስ 6 ምክር ፊቴን አዙሬ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ጨርቁን አሸተተ። ቅጠል አኝኮ ተፋ። ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ ተቀመጠ። «ሹሹ» አልኩ በሹክሹክታ። ሲጨርስ ቋንጣዋን ከመዳፌ ላይ ላሳት። ያን ቀን ምንጣፉ ደረቅ ዋለ።

መልስ 18 ከሐረር ነው። የእነሱ ጣጣ የቀኑ ሙቀት አይደለም፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሻ ነው። ሌሊቱ ነው ችግሩ። በመልስ 1 ምክር መሠረት የ3 ወር ቡችላውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከግቢ በር ውጭ ሊያወጣ በሩን ሲከፍት፣ መብራት ሥር ሁለት ጅብ ቆመው አገኘ። የጀጎል ግንብ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉት የማያውቅ የሐረር ሰው የለም። ሰው ለምዷቸዋል፣ ቡችላ ግን ለእነሱ እራት ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው እዚያ ተረት ብቻ አይደለም። እሱ አሁን ዝቅ ያለ የእንጨት ሳጥን ላስቲክ አንጥፎ በአፈር ሞልቶታል። በረንዳ ላይ አስቀምጦ ለሌሊት ይጠቀምበታል። ዶክተሩ ሐሳቡን ወደዱት። ጋዜጣ የለመደ ቡችላ በኋላ ምንጣፍም ልብስም ጋዜጣ ይመስለዋል። አፈር የለመደ ግን ጠዋት ጓሮ ሲወጣ ያው አፈር ነው።

ከ19 እስከ 23 ውሻው ተረሳ። ወሬው ሁሉ ስለ ጅብ ሆነ። አንዱ ማታ ጅብ ሲቀለብ በአፉ እንጨት ይዞ ሥጋ እንዳበላ ተረከ። ሌላዋ አላመነችውም። ድሬ ውስጥ ጅብ እንደሌለ ለጻፈው ሰው ከገንደ ቆሬ ጠንከር ያለ እርምት መጣለት። 23 ወደ ቡችላው እንድንመለስ ለመነ።

መልስ 24 የእናቴን ጤና ያተረፈ ነው ብዬ አምናለሁ። ምንጣፉን በምን እንደምናጸዳ ተጠይቄ በረኪና እንደሆነ ጽፌ ነበር። መልሱን የጻፈችው ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት። ሽንት ውስጥ ያለው አሞንያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ የሚያፍን ጋዝ ያወጣል። እናቴ ወለሉን ባጸዳች ቁጥር የሚያስላት ለዚህ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀችኝ። መልስ 25 አቼቶ የተሻለ እንደሆነ ጻፈ፤ ትክክል ነው። ግን ከበረኪናው ጋር ቀላቅሎ እንደሚጠቀም ጨመረበት። መምህሯ በ26 ጮኸችበት ማለት ይቻላል። አቼቶና በረኪና ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ሰው ይጎዳል። አካሄዱ መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ መጫንና መምጠጥ ነው፤ መፈተግ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚያ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል። ኢንዛይም ያለው የዱቄት ሳሙና በለብታ ውሃ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፣ ምክንያቱም ሽታውን ከሥሩ ይሰብረዋል። ለኛ አፍንጫ የጠፋ ሽታ ለቡችላ አልጠፋም። ሽታው ካለ ደግሞ ሽንት ቤቱ እዚያ ነው።

በ27 አንዲት ልጅ ቡችላዋ ሌሊት እያስቀመጠው እንደሆነ ጻፈች። ምን እንደሚበላ ስትጠየቅ የቤቱን ትራፊ፣ እንጀራ በወጥ። ዶክተሩ እዚህ ላይ ጠበቅ አሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የኛ ወጥ ደግሞ ሥሩ ሽንኩርት ነው፣ የጾሙም የፍስኩም። በርበሬው ሆዱን ያውከዋል። ጨውና ቅመሙ ውሃ ያስጠጣዋል፤ የጠጣው ደግሞ ይወጣል። ሩዝ ያለ ሽንኩርት ከተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት። መግቢያው ሰዓት ከያዘ መውጫውም ሰዓት ይይዛል። ከሉካንዳ የሚመጣ ሳንባና ጉበት በጥሬው አይሰጥ፤ ለሰው የሚተርፍ የኮሶ ትል ዘር ሊኖርበት ይችላል። በ29 ሽንት ለመቀነስ ውሃ ይከልከል ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። በድሬ ሙቀት ፈጽሞ አይከልከል። ከመኝታ በፊት ያለችውን አንድ ሰዓት ማንሳት ይቻላል፤ ቀን ግን ሳህኑ መጉደል የለበትም።

መልስ 31ን ሳነብ አለቀስኩ። አንድ አባት ቡችላውን ሽንት ሊያስለምድ በየቀኑ መንገድ ዳር፣ ሌሎች ውሾች የሚውሉበት ቦታ ይወስደው ነበር። በ9ኛው ሳምንት ደም እያስቀመጠው በሦስት ቀን ሞተበት። ፓርቮ ነው። ልጁ እስከ ዛሬ ሰንሰለቱን አልጋው ራስጌ ሰቅሎታል። ዶክተሩ አጽናኑትና ለሌሎቻችን አብራሩ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጀመራል፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። እስከዚያ ሽንት የሚለመደው በራስ ግቢ ብቻ ነው። የእብድ ውሻ ክትባት በ3 ወር ይሰጣል፣ ከዚያ በየጊዜው ይታደሳል። ዓይነ ምድሩም በየቀኑ ይነሣ፤ የወስፋቱ እንቁላል ሕፃናት በሚጫወቱበት አፈር ውስጥ ከሰነበተ ለልጆች ይተርፋል። መልስ 33 የእብድ ውሻ ንክሻን በሥር መድኃኒት እንደሚያድን የሚያውቀው ሰው መኖሩን ጻፈ። ዶክተሩ ያን ጊዜ ብቻ ነው የተቆጡት። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ይገድላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በወራጅ ውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በ35 እንግዳ ሲመጣ ብቻ ስለምትሸና ቡችላ ተጠየቀ። እሷ ሽንት አልለመደችም ማለት አይደለም፤ ፈርታ ወይ ተደስታ ነው። ከላይ ሳይጎነበሱባት፣ ዝቅ ብለው፣ በጎን በኩል ቢጠሯት ስታድግ ይተዋታል። ቶሎ ቶሎ ጠብ ጠብ የምታደርግ ከሆነ ግን የፊኛ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት።

መልስ 37 ከማን እንደመጣ ሳይ ደነገጥኩ። የመልስ 2 ሰው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ መልስ 4ንም አላነሳትም። ግቢው ውስጥ ታስራ የምትኖር አንድ ውሻ አለችው። እሱ በገባ ቁጥር ከቤቷ ኋላ ትደበቃለች። ሁሌም ጨዋነት ይመስለው ነበር። እንዴት መልሶ እንደሚያቀርባት ጠየቀ። የመለሰችለት መልስ 4 ራሷ ናት፣ በ38። በየቀኑ አንድ ጊዜ ቋንጣ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሳይጠራት አጠገቧ መሬት ላይ እንዲቀመጥ ነገረችው። ክፉ ቃል አልነበረበትም።

39 ከአዲስ አበባ ነው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ለእሱም የሐረሩ ሳጥን ተመከረ።

በ41 እኔ ተመለስኩ። አምስተኛ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ቡኒ ባለፉት 9 ቀናት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ቤት ውስጥ ያመለጠው፤ ያውም እኔ ስልክ ላይ ቆይቼ ነው። ቀን ቀን በሲሚንቶው ላይ የምንሻገርበትን መስመር በኬሻ አልብሰነዋል፣ ኬሻውንም ውሃ እናርከፈክፍበታለን። ኬሻውን ያመጣችው እናቴ ናት።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ 43፣ ከሐረር ነው። ግቢዋ ሙሉ በሙሉ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ አፈር የለም፣ ዛፍ የለም። በ44 መለስኩላት። የአሸዋ ጆንያ አንድ፣ አፈር አንድ፣ ከጥላው በኩል ጥግ ላይ። የሸናበትን ጨርቅ ከሥር ቅበሪው። የመጀመሪያውን ሳምንት ዓይነ ምድሩን ብቻ አንሺ፣ አፈሩን አትቀይሪ። ከመጀመርሽ በፊት ግን ጫማሽን አውልቀሽ እዚያ ድንጋይ ላይ ትንሽ ቁሚበት።